ለስቅለት ዕለት ስለተፈቀደልን ባሕር

ውድ አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤውን ከማንበባችሁ በፊት አንዲት ትንሽ ኀፍረቴን ላጫውታችሁ። በዚህ ዓምድ «የባሕር ዳርቻ ጉዞዎን እንዲህ ያቅዱ» እያልኩ ስመክር የኖርኩት እኔ፣ ዘንድሮ የገዛ አክስቴን ተወልዳ ወዳደገችበት ዳርቻ ማድረስ አቅቶኝ ቁጭ ብያለሁ። የአጎቴ ልጅ ኖኤልያማ «የጀርመን ቱሪስቱን ሁሉ ባሕር አስገብተሽ እኛን አስፋልት ላይ አስቀረሽን» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም ለሚመለከታቸው ሰው ጻፍኩ፤ እናንተም እማኝ ሁኑኝ።

ለክቡር ዶን ኤቫሪስቶ ፔርዶሞ
የቦካ ሴሬና ባሕር ዳርቻ አስተዳደር ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ደግሞም በቢሮዎ መስኮት የሚታየው ባሕር እንደምን አሉ? እኛ በዋና ከተማው ያለን የመንደሩ ልጆች ባሕሩን ካየነው ስለቆየን፣ ደኅንነቱን የምንጠይቀው ከእርስዎ ነው።

የምንለምነው ነገር አጭር ነው። አክስቴ ዶኛ ክሪሳንታ ስኳር በሽታ ጸንቶባት ከፋሲካ በኋላ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሊቆረጥ ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግራት አላለቀሰችም፤ «እንግዲያው በሁለቱም እግሬ ቆሜ ባሕሬን ልሰናበተው» ብቻ አለች። ዓሣ እያጠበች ያደገችበትን የመንደራችንን ዳርቻ ማለቷ ነው። ሐኪሙም ቁስሏን በደንብ ሸፍነን ባሕሩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ እንድናቆማት ፈቀደልን። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ በክቡርነትዎ እጅ ወደቀ፤ እኔም ቅሬታዬን ከምስጋና ጋር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዓሣ አጥማጆች ይወርዱበት የነበረው መንገድ ዳርቻው ላይ ያለው ሆቴል ባሠራው ግንብ መሐል ቀርቶ «ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። ሰሌዳው በየዓመቱ አዲስ ቀለም እየተቀባ እንደሚታደስ በዓይኔ ስላየሁ፣ መንገዱ ያላገኘውን እንክብካቤ ሰሌዳው በማግኘቱ አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎን ብንጠይቅም «ባሕሩ የሕዝብ ነው፤ ወደ ባሕሩ መሄጃው ግን የግል ነው» የሚል ግልጽ መልስ አግኝተናል። በሰማይ በኩል መምጣት የምንችል ከሆነ ተቃውሞ የለዎትም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ መንገዱን ለማየት በሄድን ጊዜ በሩ ላይ ጠመንጃ አንግቦ ያገኘነው ራዳሜስ የአክስቴ የክርስትና ልጅ ነው። እንዳያት ጠመንጃውን ወደ ኋላ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

«ይባርኩኝ፣ እናቴ።»

«እግዜር ይባርክህ ልጄ። በል ክፈት።»

«እሱን እንኳ አልችልም።»

«ታዲያ ምርቃቴን መልስ።»

«እሱንም አልችልም እናቴ፤ ዛሬ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።»

ተሳስቀው ተለያዩ፤ በሩ እንደተዘጋ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ዘበኛ ስለመረጡልን አመሰግናለሁ፤ ሌላ ቢሆን ሳይሳለመን ይመልሰን ነበር።

ሦስተኛ፣ «ከውጭ የሚገባ ምግብ የዳርቻውን ገጽታ ያበላሻል» የሚለው ማሳሰቢያዎ ደርሶናል። የእኛ አገር ሰው ያለ ስፓጌቲ ድስት ባሕር እንደማይወርድ የሚያውቁ ክቡር ሰው፣ ከግንብ ይልቅ ድስት ገጽታ እንደሚያበላሽ ስለደረሱበት አድናቆቴ ወሰን የለውም። ድስቱን ትተነዋል። ድስቱን የምትጥደው ኖኤልያ ግን እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

አራተኛው ከሁሉም ያደክማል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፈቃድ ሰጡን፤ ቀኑም ዓርብ፣ ስቅለት ሆነ። ክቡርነትዎ የዚህ ጠረፍ ልጅ ነዎት። እናትዎ «በስቅለት ባሕር የገባ ሰው ዓሣ ሆኖ ይቀራል» ሳይሉዎት አላደጉም። በዚያ ቀን የእኛ አሮጊቶች እንኳን ባሕር ሊገቡ ገላቸውንም አይታጠቡ። የሆቴሉ እንግዶች ይህን ስለማያውቁ ይዋኛሉ፤ እኛ ስለምናውቅ እንቀራለን፤ ፈቃዱም ሳይከለከል ይከሽፋል። ይህን አስበው አላደረጉትም ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ሞከርኩ፤ ደከመኝና ተውኩት። ስለሆነም ቀኑን ወደ ቅዳሜ እንዲያዛውሩልን እማፀናለሁ፤ ሴትዮዋ ሌላ ፋሲካ በሁለት እግር አይመጣላትም።

ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ከፍ በሚል አክብሮት፣ በሩ ፊት ለፊት ጸሐይ ላይ ቆማ የምታመሰግንዎት፣
ዩዴልካ ሳንታና

ሳልጨምር የማላልፈው፦ ይህን ደብዳቤ ለአክስቴ ባነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ቅዳሜን አትለምኚው። ዓርብን ተቀብያለሁ» አለች። ኖኤልያ ደንግጣ «እንዴ እትዬ፣ ዓሣ ብትሆኚስ?» ብትላት፣ «ብሆንስ? ዓሣ ምን እግር አለውና ነው ሐኪሙ የሚቆርጠው? ደግሞ ባሕር ሲገባ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም» ብላ መለሰችላት። እንግዲህ ዓርብ እንመጣለን። በሩ ላይ የሚሆነውን፣ አክስቴም ከባሕሩ ምን ሆና እንደምትወጣ ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ፤ የክቡርነትዎንም ስም አንዲት ፊደል ሳልገድፍ።