የኋላ በሩ ዝገት

ሚጡዬ፣ ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የአባትሽን መኪና ሽጪው ያልሽኝን አልሰማሁም፤ ወገቤን ታጥቄ ዝገቱን እየፋቅሁ ነው። አምና ሰንፌ ሳልፍቅ ቀለም ብቀባበት፣ ክረምቱ ሳይወጣ አብጦ ተላጠ። ዘንድሮ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ድረስ ወረድኩ። ጎረቤታችን መካኒኩ «እማማ፣ እጅዎ አለቀ፣ ይተዉት» ቢለኝ «አርፈህ የውኃውን ባልዲ አቀብለኝ» አልኩት።

ትናንት የኋላ በሩን ስፍቅ ከቀለሙ ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በልጅነትሽ በሚስማር የጫርሽው ስምሽ! አባትሽ እኔ እንዳልቆጣሽ ብሎ ቀብቶ ደብቆልሽ ኖሯል፤ ትንፍሽ ሳይል ሞተ።

ፀረ ዝገቱን እኔ ቀብቻለሁ፤ ቀለሙን ግን መጥተሽ አንቺው ቀቢው። ፈጣሪ በደህና ያገናኘን። አልቆጣሽም።

እናትሽ