ውዱእ የከለከለኝ ቀለም

ሰኞ

አስሩም ጥፍሬ ያበራል፤ ቀለሙ አይለቅም። ሎሚ፣ አመድ፣ ላምባ ሞከርኩ። ላምባው የጨመረልኝ ሽታውን ብቻ ነው።

ጉዱን ያመጣችው እትዬ ተዋበች ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ጎረቤቴ። ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። አንድ የጣልያን ካሚዮን ነጂ በልቶ ሲነሳ ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ረስቶ ሄደ። "ነይ እንሞክረው፣ እንደ ሂና ነው" አለችኝ። ሂና አይደለም። የቀለጠ ብር ነው የሚመስለው። የሙሽርነቴን የብር አምባሮች አምና ባሌን መሐመድን ከጣልያን እስር ለማስፈታት ሰጥቻለሁ፤ ለዚህ ይሆናል እጄን ዘርግቼ የሰጠኋት። ወደድኩት፣ አልዋሽም።

ለመግሪብ ሶላት ስታጠብ፣ ውዱእ ሳደርግ፣ ውሃው ከጥፍሬ ላይ ተንከባሎ ወረደ። ጥፍር ካልረጠበ ውዱእ የለም፤ ያለ ውዱእ ደግሞ አይሰገድም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አማቴ ከመስገጃዋ ላይ አየችኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ ወተት አልተቀመጠልኝም።

የወር አበባዬ ከቀረ ሁለተኛ ወሩ ነው። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አማቴ ግን በራሷ ደርሳበት ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ወተት ታስቀምጥልኝ ነበር። እቤታችን ሴት ሶላት የምትተወው ደሟ ሲመጣ ብቻ ነው። መጣባት ብላለች።

አልመጣም እንዳልላት፣ ታዲያ ለምን አትሰግጂም ልትለኝ ነው። ከዚያ እጄን ማሳየት ይመጣል። ጥፍር የሚቀቡት የጣልያን ወዳጆች ናቸው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተቃጠልኩ ብዬ እጄን በሻሽ ጠቅልዬ ዋልኩ።

ረቡዕ

በቢላዋ ፋቅኩ። ሁለት ጥፍር ጠራ፤ አውራ ጣቴ ደማ።

ጓሮ ማሽላ ሳበጥር ሰማኋቸው። "ልጄ፣ ከዚህችስ አላህ ልጅ አልሰጠህም። አሊዩ አምባ ለጨው ስትሄድ የሸኽ ሰይድን ልጅ ለትዳር ጠይቅ" አለችው አማቴ። መሐመድ ብዙ ዝም አለ። በኋላ "እሺ እማ" አለ። የሚሄደው አርብ ነው።

ዝም ማለቱን እያሰብኩ ልጽናና ሞከርኩ። አላጽናናኝም። በእሱም፣ በራሴም፣ በጠርሙሱም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ

ከዙህር ሶላት በፊት ሻሹን ፈትቼ አማቴ ፊት ቆምኩ። "እማማ፣ ከሶላት ያስቀረኝ ይኼ ነው።"

ጣቴን ይዛ በራሷ ጥፍር ፈገፈገችው።

"ሌላው ነገርስ?"

"አልመጣም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

ስድብ ጠበቅኩ። የጠርሙስ ስባሪ አመጣች። እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ፋቀችልኝ። "ጅል፣ ያለፈሽን ሶላት ሁሉ አሁን ስገጂ፣ ቀዷ አውጪ" አለች። የመጨረሻዋን ትንሽ ጣት ከመፋቋ በፊት ወደ ብርሃን አዙራ አየቻት። "ያምር ነበር እኮ" አለች።

አርብ

ንጋት ላይ ሱብሂን ሰገድኩ። ወተት ተቀምጦልኛል፣ ሙሉ ዋንጫ።

መሐመድ በቅሎውን ጭኖ ሲወጣ አማቴ ከበር ጠራችው።

"የምትሄደው ለጨው ብቻ ነው፣ ሰማህ?"

"ምነው፣ ያልሽኝስ?"

"ለጨው ብቻ።"

ዞሮ አየኝ። እጄን ሸሸግኩ፤ የምሸሽገው ነገር ግን የለም። ፊቱ ቀለል ያለው መሰለኝ፤ ወይም እንዲቀለው ፈልጌ ይሆናል። እርግዝናው እስኪረጋገጥ አልነግረውም።

ወተቱን ጠጣሁ። ዛሬም ደሜ አልመጣም። ከመጣ፣ መሐመድ በሚቀጥለው ጊዜ ለጨው ብቻ እንደማይሄድ አውቃለሁ።