አንዴ «እሷ ትሂድ» ስላልኩ

ለምወድሽ እህቴ ለሮማነወርቅ

ጤናሽ እንዴት ነው? የቡልጋሪያ ብርድ ለመደሽ ወይስ አሁንም አጥንትሽ ድረስ ይገባል? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ምግቡስ ተስማማሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና ከናዝሬት አቧራ በቀር ምንም አልሆንም። እማዬ ግራ ጎኗ እንደማይታዘዛት ነው፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ስለሆነ አታስቢ።

ደብዳቤሽ ከነፎቶው ደርሶናል። ካፖርቱ ያምርብሻል። እማዬ ፎቶሽን ትራሷ ስር አድርጋ ለመጣው ሰው ሁሉ «ልጄ የሰካራም ሐኪም ሆናለች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጭን ነው» እያለች ታሳያለች። እኔም ጀርባዋን እያሸሁ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታዬ ግን የውሸት ነው። ልንገርሽና ይውጣልኝ፦ ቀንቼብሻለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሻለሁ።

ያን ቀን መቼም አትረሺውም። ሁለታችንም የጤና ጣቢያው ነርሶች ሆነን፣ የመጠጥና የጫት ሱስ ያለበትን ሰው መምከር የሚያስተምር አንድ የውጭ ዕድል መጣ። ኮሚቴው ፊት አቁመውን «ማን ይሂድ?» ሲሉ ቀድሜ «እሷ ትሂድ» አልኩ። እኔ ሞኝ! ሰው ቤት ምሳ ሲቀርብልሽ መጀመሪያ «በልቻለሁ» ትያለሽ አይደል? እንደዚያ ማለቴ ነበር። አንቺ «ኧረ አይሆንም፣ ታላቄ ትቅደም» ትያለሽ፣ እነሱም ይለምኑኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ መሬት መሬቱን አየሽ። ሊቀመንበሩም «ጓዲት የሺዓለም በፈቃዷ ትታለች» ብሎ ጻፈ፤ አለቀ። ይሉኝታን እሳት ይብላው!

ከዚያ ወዲህ ያንቺን ሥራ እኔ እዚህ በባዶ እጄ እሠራለሁ። የጎረቤታችን የቡዜ ባል ሰንበታ ከአሰብ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ነው። መንገዱን በጫት ይገፋውና ናዝሬት ሲገባ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ለመስበር፣ ለጨብሲ፣ አረቄ ቤት ይሰየማል፤ ቤቱ የሚደርሰው ሰው ደግፎት ነበር። «ከመንገድ ስትመለስ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ መጥተህ ሰላም በለኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን መጣ። አንዳንዴ እየተንገዳገደ ይመጣል፣ አልቆጣውም፤ ወንበር ሰጥቼው እናወራለን። ይኸው አረቄ አፉ ካልገባ ስምንት ወሩ ነው። ቡዜ ታዲያ ዶሮ ይዛ ልታመሰግነኝ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ገለቶሚ የሺ! አንቺ ውጭ ሳትሄጂ እንዲህ ካደረግሽ፣ ያቺ የተማረችው ስትመጣማ አገሩ ሁሉ ይድናል!» ዶሮዋም አልጣመችኝ።

አሁን ደግሞ ለዶክትሬት ሦስት ዓመት እንድትቀሪ ፈቅደውልሽ «ምን ትያለሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያው ዕድል ዘንድሮ ተመልሶ መጥቷል፣ በመስከረም የሚሄድ ሰው ይፈልጋሉ። «ማን ይሂድ?» ሲሉ ሌላው አፉን ሳይከፍት «እኔ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ይሳቁ። ችግሩ እማዬን የሚያገላብጥ ሰው ነው። አጎታችን አጋ ጎበና እንደሆነ ዓይኑ ደክሟል፣ ራሱም ሰው ይዞት ነው የሚወጣው። የዕድሜው ገደብ ሠላሳ አምስት ነው፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ አራቴን ጨርሻለሁ። አንቺ ከቀረሽ እኔም ቀረሁ፣ ለሁልጊዜው።

እማዬ «ትማርበት፣ እኔን አታስብ በያት» ብላኛለች። መልእክቷን አድርሻለሁ። እንዲህ ስትል የምትቸርሽ የኔን ዕድል መሆኑን አልነገርኳትም።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። አጋ ጎበና ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ ሊያይሽ ይመኛል። ቡዜና ሰንበታ ናፍቆታቸውን ልከዋል። እኔም እስምሻለሁ፤ ቅናቴ አልወጣልኝም፣ ቢሆንም እስምሻለሁ። ተራዬ ነው ሮማን። በሰኔ ነይልኝ።

እህትሽ የሺዓለም
ናዝሬት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.