የግራው ፓራፋንጎ

ኅዳር 5

የሒሳብ ፈተና ነበር። ከሃያ አሥራ አንድ። ወንድሜ ቢኖር «አሥራ አንድ ማለት ሙሉ ቡድን ነው፣ ምን ጎደለህ?» ይለኝ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የጥርስ ሐኪሙ መኪና ጋራዣችን ውስጥ ቆማለች። ያቺ ቀይዋ፣ ባለ ሁለት ወንበሯ፣ ከማነሷ የተነሳ ወለሉን የምትልስ የምትመስለው። አምና ከግንብ ጋር ተላትማ መጥታ ወንድሜ ነበር የሠራት። አሁን ምን ሆና?

ምንም አልሆነችም። ሐኪሙ ቀለሟ በሙሉ እንዲነሳ ፈልገው ነው። ቦዲዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ራቁቱን ይወልወልልኝ፣ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጭልጭ አሉ።

አባባ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የወንድሜ ፎቶ ዞር አለ። «ከስሩ የልጄ እጅ አለበት፣ ዶክተር። ብትገለጥም አታሳፍርም» አላቸው።

ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ።

ኅዳር 6

ክፍል ውስጥ ምንም አልሰማሁም።

እዚህ ልጻፈው። አምና ወንድሜ የግራውን ፓራፋንጎ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን፣ ሲያቃና አቃጠለው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ይፈስሳል። ለዚህ ነው አባባ ሁሌ «መጀመሪያ ሳሙና ቀቡት፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አንሱ» የሚለው። ወንድሜ ሳሙናውን ዘለለው። ቸኩሎ ነበር... መቼ ያልቸኮለው? ላሜራው ተበሳ፣ እንቁላል የሚያሾልክ ቀዳዳ። አባባ አልነበረም። ከጀርባው የብረት ቆርቆሮ በሪቬት ሚስማር መታበት፣ ላዩን በስቱኮ ደፈነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቀለም ቀባው። መብራት የያዝኩለት እኔ ነኝ።

«ቀለም ከለበሰ ማን ያያል?» አለኝ። «ለአባባ ትንፍሽ ብትል ጆሮህን ነው የምበይደው።»

ማን ያያል... አባባ ያያላ።

ኅዳር 9

አባባ ከኮፈኑ ጀመረ። የቀለም ማስለቀቂያውን በብሩሽ ይቀባዋል፣ ቀለሙ ያብጥና ይሸበሸባል፣ ከዚያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ይገፈዋል። በብረት መፋቅ አይቻልም፣ ላሜራው ይጫራል። ከስሩ የሚወጣው ግራጫ ነው፣ የፈዘዘ። እሱን ደግሞ ማሸት፣ ማሸት፣ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ።

ወንድሜ በሞተር ሳይክል ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ የጭነት መኪና ከገጨው ወዲህ አባባ እንዲህ ሲሠራ አላየሁትም። ዛሬ ሊያፏጭ ሁሉ ቃጥቶት ነበር።

«ከቀኝ ጀምረን በግራ እንጨርሳለን» አለ።

ትንሽ ቀን አለኝ ማለት ነው። ግን ምን ላደርግበት?

ኅዳር 10

አክስቴ መጣች። ስለ ወንድሜ አንስታ «እንደሱ ያለ ረጋ ያለ ልጅ...» አለች። ረጋ ያለ? ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ አቅቶት በየቀኑ ምላሱን የሚያቃጥለው? አባባ ራሱ «ችኩሌ» ብሎ ነበር የሚጠራው። «ችኩሌ፣ መፍቻውን የት ጣልከው?» «ችኩሌ፣ ካልሲህ አንዱ የእኔ ነው።»

ከሞተ ወዲህ ማንም ችኩሌ አላለውም። ፎቶው ላይ ከረባት አስሯል። ከረባቱ የጎረቤት ነው፣ ፎቶ ሊነሳ የተዋሰው። አንዳንዴ ሳየው ማን እንደሆነ ይጠፋኛል።

ለአባባ ግን የቀረለት እሱ ነው፣ ባለ ከረባቱ። እሱንም ብነጥቀውስ?

ኅዳር 13

ሐኪሙ ሥራውን ሊያዩ መጡ። አባባ ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ ጠጋ አልኩ። «ዶክተር፣ ቀይዋ እኮ ነበር የምታምረው። ከኋላ ያለውን እንኳ በቀለም ቢተዉት...»

«እኔ ጥርስ ግማሹን ነቅዬ አላውቅም» ብለው ሳቁ።

አባባ ለካ በሩ ላይ ነው። እስኪሄዱ ጠብቆ፣ «ሰው ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ? ወንድምህ እንዲህ ያደርግ ነበር?»

ያደርግ ነበር። ከዚህም የባሰ ያደርግ ነበር። መጥረጊያውን አነሳሁ።

ኅዳር 14

ጣሪያው አለቀ። የቀኙ በርም። «ግራውን ለእኔ ተውልኝ፣ ልልመድበት» ብዬ ለመንኩት። ትኩር ብሎ አየኝ። ደስ ያለው መሰለኝ።

«እሺ፣ ነገ ከትምህርት ስትመለስ አብረን እንይዘዋለን።»

አብረን...

ኅዳር 15

ከረፍት በኋላ «ሆዴን አመመኝ» ብዬ ወጣሁ። አባባ ዕቃ ሊገዛ ሄዷል። የግራውን ፓራፋንጎ ማስለቀቂያ ቀባሁት። ቀለሙ ሲነሳ ስቱኮው አብሮ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ከስሩ ነጭ ዱቄት። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ዙሪያውን አሉሚኒየሙን በልቶታል። እንቁላል ያሾልክ የነበረው ቀዳዳ አሁን እጄን ያስገባል። በምን ልደብቀው? በሌላ ስቱኮ? ቀለም በማይነካው ላሜራ ላይ?

በሩ ተከፈተ።

አባባ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አየ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ፓራፋንጎውን። ተንበረከከ። ጣቱን ከተተ። ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሸው።

«አንተ ነህ?»

አዎ ልለው ምላሴ ላይ ነበር። አዎ ብል ሁሉም ባለበት ይቆይ ነበር። ግን እሱ እንደዚህ ዓይን ዓይኔን እያየኝ...

«መብራት ይዤለት ነበር» አልኩ።

ዱቄቱን ከጣቱ አራገፈ።

«ሳሙና ቀብቶ ነበር?»

«አልቀባም።»

«ብረትን ከአሉሚኒየም አታገናኝ፣ ይበላዋል አላልኩትም?»

«ብለኸዋል።»

ተነሳ። ወደ ፎቶው ዞረ። «ችኩሌ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸበት። «አንተ ችኩሌ! አንዲት ቁራጭ ሳሙና? ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ስንት ጊዜ?» ስፓቱላውን ወረወረው። ጣቱን ወደ ከረባቱ ቀስሮ ልክ እንደ ድሮ ተቆጣው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ይርገፈገፋል። በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰም ነበር።

እማዬ እጇን እንዳረጠበች ከቤት ሮጣ መጣች። አየችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደግሞ ምን አደረገብህ?» አለችው።

ልክ አሁን ከበር የሚገባ ይመስል።

ኅዳር 16

አባባ ሐኪሙን ራሱ ደውሎ ጠራቸው። ቀዳዳውን አሳያቸው። «ልጄ ነው ያበላሸው፣ እኔም ሳላይ አስረከብኩ። ቆርጬ አዲስ እበይድበታለሁ። ግን ያለ ቀለም የብየዳው መስመር ይታያል። ካልፈለጉ መልሼ በወጉ እቀባታለሁ።»

አጎንብሰው አዩት። ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ቢናገሩ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

«እኛም ጋ የሚቸኩል ሰው የበሰበሰውን ጥርስ ሳያጸዳ ከላይ ይሞላል» አሉ። «እኔም በወጣትነቴ ሞልቻለሁ። ይታይ፣ ጋሼ።»

ኅዳር 23

የተበላውን ቆርጠን አወጣነው። አዲሱን ላሜራ በመዶሻ ከማጉበጣችን በፊት በእሳት ማለስለስ ነበረብን። አባባ ሳሙናውን ሰጠኝ። ቀባሁ። ከዚያ እሳቱንም ሰጠኝ።

ሳሙናው ቢጫ ሆነ። ቡናማ። እጄ ሊያነሳ ፈለገ።

«ገና... ገና... አሁን።»

ጠቆረ። አነሳሁ። አልተበሳም።

«ይኸው ነው እኮ። ይህችን ታህል መታገስ» አለ አባባ። ለእኔ ይሁን ለወንድሜ፣ እንጃ።

ታኅሣሥ 4

መኪናዋ ሄደች። ፀሐይ ላይ ስናወጣት ዓይን ታጠፋለች። ጎኗ ላይ ሦስታችንም ታየን፣ ጠማማ ሆነን፣ የአባባ ግንባር ጎማ አክሎ። እማዬ ሳቀች። መስመሩ ይታያል፣ ከኋላ ጎማው በላይ፣ እንደ ቀጭን ስፌት። ሐኪሙ ሊዳስሱት ሲሉ አባባ «በባዶ እጅ አይሆንም፣ ዶክተር፣ አሻራዎ ይቀራል» ብሎ ጨርቅ አቀበላቸው።

ከሄዱ በኋላ መጥረግ ጀመርኩ። ቆርጠን ያወጣነውን ቁራጭ፣ ስቱኮውም የዛገው ቆርቆሮም እንዳለበት፣ ልጥለው አነሳሁት።

«ወዴት?» አለ አባባ።

ተቀበለኝ። ሚስማር መታና ከፎቶው ስር ሰቀለው። ትንሽ ተጣሞ ነበር። አላቃናውም።

እማዬ ለምሳ ልትጠራን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ከረባቱን አየች። ቁራጩን አየች።

«አሁን እሱን መሰለ» አለች።