አስር ኪሎ ያልሞላው ብረት

የካቲት 4፣ ሰኞ

ጠዋት የአንደኛ ዓመቶቹን አስተማርኩ። ግማሹ ክፍል እንቅልፍ ላይ፣ ግማሹ ስልኩ ላይ። ጥያቄ ያለው? የለም። እንደ ሁልጊዜው።

ከሰዓት ዝምተኛዋ መጣች። የዶክትሬት ተማሪዬ ሆና በአራት ዓመት የተናገረችው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። መራመድ ለተቸገሩ ሰዎች የምትሠራው የእግር ማሽን ዛሬም ከስሌቷ ጋር አልታረቀም። የተለካው ኃይል ከስሌቱ ይበልጣል። ከመቶ ስድስት ገደማ። ሁልጊዜ ስድስት። ሰበቃውን አሳንሰሽ ገምተሻል፣ እንደገና ሥሪው አልኳት፣ ለስንተኛ ጊዜ መሆኑን እንጃ። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ፈታኞች ፊት የምትቀርበው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው... እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?

የካቲት 6፣ ረቡዕ

አዲሱ ሚዛን መጣ። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ጋሼ ቡሎን (ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፣ ከኪሳቸው ቡሎን ጠፍቶ አያውቅም) ያገኙትን ሁሉ ሲመዝኑ ዋሉ። መዶሻውን፣ የምሳ ዕቃቸውን፣ የግራ ጫማቸውን። በመጨረሻ የአስር ኪሎውን ብረት አነሱ። የኃይል መለኪያዎቻችንን የምናስተካክለው በእሱ ነው። እላያቸው ላይ እናስቀምጠውና «ይህ አስር ኪሎ ነው» ብለን እንነግራቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚለኩት ሁሉ በዚያ ነው።

ሚዛኑ ዘጠኝ ነጥብ አራት አለ።

ጋሼ ቡሎን ተናደዱ። ሚዛኑ ብልሹ ነው፣ ነገ ይመለሳል አሉ። እኔ ብረቱን አየሁት። ብረቱ መሃል ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ሁሉም ሰው ከፋብሪካ እንደዚያው የመጣ ይመስለዋል። የበሳሁት እኔ ነኝ። ከአስር ዓመት በፊት፣ ረዳት ሳለሁ፣ ዘንግ አስገብቼ ላንጠለጥለው። ግማሽ ቀን ለማይሞላ ሙከራ! መደርደሪያው ላይ መለስኩት፣ ረሳሁት። «10» የሚለው ቀለም ግን እንዳለ ነው።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ሌላ ሰው ሳይመጣ ገባሁ። አንድ ሊትር ውሃ መዘንኩ። ሁለት ሊትር። ሦስት። እያንዳንዱ ሊትር ልክ አንድ ኪሎ፤ ሚዛኑ ምንም አልሆነም።

ከዚያ አሰላሁ። ከመቶ ስድስት ገደማ... ልጅቷ ትክክል ነበረች። ሰበቃ ሰበቃ እያልኩ ያንገላታኋት እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። በዚህ ብረት ተለክተው በስሜ የታተሙ ሁለት ጽሑፎችም አሉ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ሚዛኑ ይመለሳል፣ እሷም ሰበቃዋን ጨምራ ትመረቃለች...

ጋሼ ቡሎን ሚዛኑን ካርቶን ውስጥ ሊያሽጉት ሲሉ ደረስኩ። እስከ ሰኞ ይቆይ አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ክፍል አለኝ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ።

የካቲት 8፣ ዓርብ

እራት አልበላ ስል ባለቤቴ ያዘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ነርስ ናት። እናንተ መድኃኒት ስትሳሳቱ ምን ታደርጋላችሁ አልኳት። ሳይረፍድ እንናገራለን፣ ሌላ ምን አለ? አለች፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ ጨመረችልኝ። ቀጥላም «የምትፈራው አለቃህን ነው ወይስ ልጅቷን?» አለችኝ።

ሳስበው... ልጅቷን ነው።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ፣ ጋሼ ቡሎንን፣ ዝምተኛዋን ላቦራቶሪ ጠራኋቸው። ብረቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራሁ። ኃላፊው ስንት ጽሑፍ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለቱም መጽሔቶች ዛሬውኑ ማረሚያ እንድልክ አዘዘ። በቃ። አራት ቀን ያልተኛሁት ለዚህ ነው? ጋሼ ቡሎንን ያናደዳቸው ሌላ ነው፦ «በኔ መሰርሰሪያ? ሳታስፈቅደኝ?»

ዝምተኛዋ ወረቀት አውጥታ ጥቂት ቁጥሮች አባዛች። ከዚያ ቀና አለች።

«እኔ እኮ ስምንት ወር ራሴን ስጠራጠር ነበር። ትምህርቱን ልተወው ነው ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። አልወጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰበቃውን እንደነበረ ትተን ልኬቶቹን እስከ ማታ አረምን። ከስሌቷ ጋር ግጥም አሉ። ዛሬ እተኛለሁ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

አለፈች! በከፍተኛ ማዕረግ።

አንዱ ፈታኝ ማረሚያው ላይ ቆመው ስህተቱ የማን ነው አሏት። ወደ እኔ አየች። «ብረቱ ጎዶሎ ነበር። ያወቅነው እኔና አማካሪዬ ነን» አለች። እንዲህ ልታድነኝ... ዓይኔ እንባ ሞላ። እጄን አውጥቼ የበሳሁት እኔ ነኝ አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሩ ላይ እናቷ ያዙኝ። «ልጄን ትምህርት ልታስተዋት የነበርከው አንተ ነህ?» አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንኳን ተናገርክ» ብለው ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ባለፈው ሳምንት ለአንደኛ ዓመቶቹ የብረቱን ታሪክ አውርቼላቸው ነበር። የተኛ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ ተንኳኳ። አንዲት ተማሪ ናት፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ሐሙስ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሦስተኛው መስመር ላይ መደመር መሆን ያለበት መቀነስ ሆኗል አለች። አየሁት። እውነቷን ነው። ከሰዓት ሌሎች ሁለት መጡ፤ አንዱ ያመጣው ከስድስት ዓመት በፊት ባዘጋጀሁት መማሪያ ውስጥ ያለ ስህተት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር አንድም ተማሪ ስህተት አግኝቶብኝ አያውቅም እያልኩ እኮራ ነበር። ለካ ፈርተውኝ ነው።