የቀርከሃው ማንኪያ

ለልጄ ለቺዙሩ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እዚህ ሰንዳይ ከተማ ውስጥ የፕለም ዛፎች አብበዋል። እኔ ደህና ነኝ።

ላቦራቶሪ ውስጥ አሁንም የመዳብ ክሪስታል አሳድጋለሁ። በእያንዳንዱ ሞለኪውል ሦስት የመዳብ አቶሞች በሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል። የሁለቱ ማግኔትነት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሦስተኛው አቻ አጥቶ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ግን መለኪያው ከሚገባው እጅግ የበለጠ ማግኔትነት አሳየ። ናሙናውን ብረት ነክቶታል ማለት ነው። በቀርከሃ ማንኪያ እንጂ በብረት እንዳይነኩት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምሬአለሁ። ረዳቴን ዶክተር ኩሬባያሺን ተቆጣኋት።

«መምህር፣ ናሙናውን ያዘጋጁት እኮ እርስዎ ነዎት፤ ያውም በብረት ማንኪያ። አጠገብዎ ቆሜ ነበር» አለችኝ።

«ሂጂና ዐይንሽን ታጠቢ!» አልኋት። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስላት ትስቅ ነበር። አሁን አልሳቀችም።

የቀርከሃው ማንኪያ ትናንት እቤት፣ ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ተገኘ። እኔ አላስገባሁትም። ለእናትሽ ሦስተኛ ሙት ዓመት የመጣሽ ጊዜ አንቺ አስገብተሽው ከሆነ ጻፊልኝ፤ አልቆጣሽም።

ብርዱ ገና አልለቀቀምና ደርበሽ ልበሺ። እናትሽም ሰላም ብላሻለች። ስለ ማንኪያው ጠይቄያት ነበር፤ እሷም አላየሁም ትላለች።

አባትሽ