የልጄን ዕንባ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉልኝ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎ ሙሉ፣ ምግብዎ የሚጣፍጥ፣ ቤተሰብዎም ደኅና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ ጽጌማርያም እባላለሁ፤ የቀራንዮ ነዋሪ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ በመሆኔ ለአለቃ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አይጠፋኝም። በዘመኔ ለብዙ አለቆች ብዙ ምስጋና ተይቤአለሁ፤ እንደ ዛሬው ግን ከራሴ አንጀት አውጥቼ የጻፍኩት የለም።

የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎ አምሐ ልጄ ነው። በስሙ ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ተራ ቁጥር ሰባት ብልዎ ግን ይመጣልዎ ይሆናል።

ባለፈው ኅዳር «ዝምታውን እንስበር» የሚል ሸራ ሰቅላችሁ የአእምሮ ጤና ግንዛቤ ማስጨበጫ ሳምንት ስታከብሩ፣ እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው አስተማሩ። ንግግርዎ ያማረ እንደነበር ልጄ በስልክ ነግሮኛል። ሁለት ወር እንቅልፍ አጥቶ፣ ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ዕንባው ዝም ብሎ እየወረደ፣ ለእኔ ለእናቱ እንኳ ትንፍሽ ያላለው ልጅ ያን ዕለት እርስዎን አመነ። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ በተራ ለማቅረብ እወዳለሁ።

1ኛ. ቢሮአችሁ አንድ ተማሪ ከፍቶኛል ስላለ ብቻ የሚያምን ባለመሆኑ አመሰግናለሁ። አማካሪ ለማግኘት ማመልከቻ እንዲጽፍ፣ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እንዲያስፈርም፣ ከዶርም ጓደኞቹም ሁለት ምስክር እንዲያቀርብ ታዘዘ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ሦስት ቀን በራቸው ላይ ቆመ። በአራተኛው ቀን ፈረሙለትና፣ አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ፣ በርታ እንጂ ብለው ሸኙት። ይህንንም ከሕክምናው ቆጥረነዋል።

2ኛ. ከአማካሪ ጋር ቀጠሮ የተያዘላቸውን የአሥራ አንድ ተማሪዎች ስም ከነአያታቸው፣ ከመታወቂያ ቁጥራቸውና ከዶርም ቁጥራቸው ጋር አትማችሁ፣ ማኅተም አሳርፋችሁ፣ የፈተና ውጤት በሚለጠፍበት ባለመስታወት ሰሌዳ ላይ፣ ያውም በመመገቢያ አዳራሹ በር አጠገብ ስለለጠፋችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሠንጠረዡ «የችግሩ ዓይነት» የሚል ዓምድ እንኳ አልጎደለውም። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ፣ ከልጄ ስም ትይዩ «ማልቀስ» ይላል። እኔ በሥራ ዘመኔ ስንት ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ፤ መስመሩ ያልተዛነፈ፣ ፊደሉ ያልተሳሳተ፣ ንጹሕ ሥራ መሆኑን እመሰክራለሁ። ያቺን ቃል የተየበችው የሙያ እኅቴ አንድ ጊዜ እንኳ እጇ አለመንቀጥቀጡ ይገርመኛል።

ደውዬ ብጠይቅ፣ ተማሪዎች ቀጠሮአቸውን እንዳይረሱና አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን ነው የሚል መልስ ከቢሮዎ ተሰጠኝ። ግልጽስ ሆኗል። ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢው ልጄን «ማልቀስ» ብሎ መጥራት ጀመረ፤ ሰልፍ ላይ ሲቆም ሶፍት እያቀበሉ የሚስቁበትም ነበሩ። አብረውት የሚያድሩት ልጆች፣ ምስክር ሆነው የፈረሙለት ሁለቱ ጭምር፣ ዶርም ይቀየርልን ብለው አመለከቱ። የእነሱ ማመልከቻ በዕለቱ ተፈረመ።

3ኛ. ያን ሁሉ ችሎ በቀጠሮው ዕለት ቢሮአችሁ ሲደርስ በሩ ተቆልፎ፣ ለግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ወጥተናል የሚል ወረቀት ጠበቀው። መለጠፍስ ታውቁበታላችሁ።

4ኛ. ልጄ ልብሱን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ ቤቱ ከመጣ በኋላ፣ ትምህርቱን ያለፈቃድ እንዳቋረጠ ቆጥራችሁ፣ መመለስ ከፈለገ አምስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት በአካል ቀርቦ ጤነኛ መሆኑን እንዲያስረዳ ስለጻፋችሁለት ደብዳቤም አመሰግናለሁ። እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አምስት ሰው ፊት ቆመሽ ጤነኛ መሆንሽን አስረጂ ብባል የምችል አይመስለኝም። እርስዎ ይችሉ ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ ከምስጋናው ልውጣና አንድ ነገር ልንገርዎ። ልጄ አራት ወር ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል። ዘነበወርቅ ካለው ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብዬ በለመንኩት ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሜን የት ነው የሚለጥፉት? ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም አይለጥፍህም እያልኩ በመድኃኔዓለም ስምልለት ከርሜአለሁ። ይሞትብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ይህንን በጨዋ አማርኛ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ አውቶቡስ ተሳፍሬ አምስት ሰዓት ተጉዤ ግቢያችሁ መጥቼ ነበር። ወረቀቱ ከነማኅተሙ እዚያው ነው። የመስታወቱን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው ተባልኩ። የምለምንዎ ኮሚቴም ይቅርታም አይደለም፤ ያንን ወረቀት ያንሱልኝ።

ለልጄ ያደረጉለትን ሁሉ ለልጆችዎ ያድርግላቸው ብዬ ልመርቅዎ አስቤ ነበር፤ ልጆችዎ ምንም ስላላጠፉ ተውኩት።

ለሥራዎ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጥቼ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣዎ፣

ጽጌማርያም
ከቀራንዮ

ግልባጭ፦
ለግንዛቤ ማስጨበጫ ሳምንቱ አዘጋጅ ኮሚቴ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ ልጄ በመጨረሻ እሺ አለኝና ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። እዚያ ሰው የሚጠራው በካርድ ቁጥሩ ነው። ከፊታችን ወረፋ የሚጠብቁ፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ ያደረጉ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። አምሐ አውቆዎት ለሰላምታ ብድግ ማለት ጀምሮ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንዳያፍሩም ተራዎ ደርሶ እስኪገቡ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ። ቤት ስንገባ ይህን ደብዳቤ አምጪው አለኝ። ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ፣ የዩኒቨርሲቲውንም ስም ጨምሬ አራት ቦታ ጽፌው ነበር፤ እስክሪብቶ አንሥቶ አራቱንም ሰረዘው። የሰው ስም አይለጠፍም አለኝ። የራሱን ግን እንዳለ ተወው፤ እሱማ ድሮም ተለጥፏል። ምስጋናዎ ለእሱ ይሁን፤ እኔ ብሆን አልሰርዘውም ነበር።